ጌጤ የሌለችበት ካርታ

የእህቴ የጌጤ እንጀራ ምላሷ ነው። ተናጋሪ ናት ማለቴ አይደለም፤ ተናጋሪም ናት፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ ስደተኞችን በሕግ ጉዳይ በሚረዳ አንድ ቢሮ ውስጥ አስተርጓሚ ናት። በሞያሌ በኩል ገብቶ ወረቀት የሚፈልግ ሐበሻ ጉዳዩን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይናገራል፣ እሷ ወደ እንግሊዝኛና ወደ ስዋሂሊ ትመልሰዋለች። የሚያለቅሰውን ሳታለቅስ ታስተላልፋለች፤ የሚሳደበውን ግን ከስድቡ ምንም ሳትቀንስ። አንዴ አንድ ሹም «ይህን ስድብ አንቺ ነሽ የጨመርሽበት» ቢላት፣ «የእኔ ቢሆንማ ከዚህ የባሰ ነበር» ብላዋለች። ከሥራዋ አላባረሯትም፤ የሚተካት ሰው አልነበራቸውም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ተናድጄ ነው። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፣ ሰው ሁሉ «ተይው በቃ የውብዳር፣ እግዚአብሔር ይመስገን በይ» ይለኛል። እግዚአብሔርማ ይመስገን። እኔ የተናደድኩት በሰው ነው።

ጌጤ ግራኝ ሆና ነው የተወለደችው። ደሴ እያለን፣ ገና ማንኪያ መያዝ ስትጀምር ግራ እጇ ይቀድም ነበር አሉ። እናታችን እህተማርያም ይህን እንደ በሽታ ነው ያየችው። በግራ መብላት ነውር፣ በግራ ዕቃ ማቀበል ስድብ ነው፤ በግራ ማማተብማ ጭራሽ የማይነሣ ነገር ነው። ስለዚህ ምግብ ሲቀርብ የልጅቷን ግራ እጅ በመቀነት ከወገቧ ጋር ታስረው ነበር። መቀነቱ በሌለበት ሰዓት ደግሞ ወደ አፏ እንዳትሰደው ጣቶቿን ሚጥሚጣ ታስነካቸው ነበር። ትምህርት ቤት ስትገባ ሥራውን መምህሩ በማስመሪያ ተረከበ። እኔ ታናሽ ስለሆንኩ ትዝ የሚለኝ መቀነቱ ብቻ ነው። ጨዋታ መስሎኝ «እኔንም እሰሩኝ» ብዬ አለቅስ ነበር ይላሉ። ይህ በቤታችን እስከ ዛሬ እንደ ቀልድ ይወራል፣ እኔ ግን አልስቅበትም።

በመጨረሻ ጌጤ በቀኝ መብላትም መጻፍም ቻለች። እማዬም ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ዳነችልኝ» እያለች ተናገረች። ዳነች! ከምን?

አልዳነችም። ሰው ያስተማራትን ነገር በቀኝ ታደርጋለች፤ ማንም ሳያስተምራት ራሷ የለመደችውን ሁሉ በግራ። ክብሪት የምትጭረው፣ መርፌ የምትሰፋው፣ በር የምትከፍተው፣ ጥርሷን የምትቦርሸው በግራ ነው። ብቻዋን ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋው ግራ እጇ ላይ ይፈጥናል፤ እንግዳ ከገባ ወደ ቀኝ ታዞረውና ሽንኩርቱን ስታጎሳቁለው ታሳዝናለች።

ናይሮቢ ከመጣን በኋላ ሐብታሙ የሚባል ነጋዴ ሊያገባት ጠየቀ። እናቱ ልጅቷን ልታይ ከአዲስ አበባ ድረስ መጣች። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ ጌጤ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ በዚያ ግርግር መሃል ለሴትየዋ ውሃ በግራ እጇ አቀበለቻት። ሴትየዋ ብርጭቆውን አልተቀበለችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሌላ ሰው እስኪያቀብላት ጠበቀች። ጋብቻው በዚያው ቀረ። እማዬ ያን ዕለት ሐብታሙን አልተቆጣችም፣ እናቱንም አልተቆጣችም። የተቆጣችው ጌጤን ነው፤ «ነግሬሽ አልነበረም ወይ?» እያለች እንግዶቹ ገና ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ አዋረደቻት። እኔ ሐብታሙን መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም አልለውም፣ ምክንያቱን ዛሬም የሚያውቅ አይመስለኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ጌጤ ሰው ፊት ስትቆም ግራ እጇን ኪሷ ውስጥ ትከታለች።

በሽታው የጀመራት በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስድስት ላይ ነው። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ድንበር እንዴት እንዳቋረጠች እየተናገረች፣ ጌጤ እያስተረጎመች ሳለ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ቆመች። አፏ ወደ ግራ ተጎተተ፤ ቃል የለም። የቢሮው ጠበቃ ታሪኩ ልቧን ነክቶት ነው ብሎ መሐረብ አቀበላት። ጌጤን አያውቃትም ማለት ነው። ትንሽ ቆይታ ተመለሰችና ካቆመችበት ቀጠለች። ሌላ ቀን እንደገና ሆነ። ቀጥሎ ማታቱ በሚሉት ታክሲ ውስጥ መውረጃዋ ሲደርስ «አውርዱኝ» ማለት አቅቷት እስከ መጨረሻው ፌርማታ ተወሰደች። ረዳቱ ሰክራለች ብሎ ሲሰድባት አንድም መልስ አልሰጠችውም። እኔ የፈራሁት ይህን ስትነግረኝ ነው፤ ጌጤን ሰድቦ መልስ ሳያገኝ የሄደ ሰው ከዚያ በፊት አላውቅም።

ሆስፒታል ገባች፣ ኤምአርአይ ተነሣች። አንጎሏ ውስጥ፣ በቀኝ በኩል ከፊት፣ ሎሚ የሚያህል እጢ ተገኘ። ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው፣ ቢሆንም ያድጋል፣ ስለዚህ መውጣት አለበት ተባለ።

እዚህ ላይ ነው ኤልናታን የሚመጣው። ኤልናታን ኪሊማኒ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት የጴንጤ ጎረቤቶቻችን ልጅ ነው። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ናይሮቢ ስለሆነ አማርኛው ከእንግሊዝኛና ከስዋሂሊ ጋር ተቀይጦ ነው የሚወጣው። ጌጤ በተኛችበት ሆስፒታል የአንጎል ቀዶ ሕክምና የሚማር ሐኪም ነበር። ልጁን እወደዋለሁ፣ ተናድጄበታለሁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ክፍሏ መጣ። ጌጤ አልጋው ላይ ተቀምጣለች፣ እማዬ ወንበሩን ይዛለች፣ እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜያለሁ።

«አንቲ ጌጤ፣ ጉድ ኒውስ አለኝ» አለ ኤልናታን። ላፕቶፑን አልጋው ላይ ከፍቶ የአንጎል ሥዕል አሳየን።

የመመረቂያ ጥናቱ ነበር። በውጭ አገር ሰውን ማሽን ውስጥ አስተኝተው፣ ሲናገር ወይም ቃል ሲፈልግ አንጎሉ የቱ ጋ እንደሚሠራ ፎቶ ያነሣሉ። ነገር ግን አንዱ ጥናት የሚያነሣው ዐሥር ሰው ነው፣ ሌላው ዐሥራ አምስት፤ አንዱ እዚህ ነው ሲል ሌላው እዚያ ነው ይላል፣ ብቻውን የሚታመን የለም። ኤልናታን እነዚህን የታተሙ ጥናቶች ሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ያገኛቸውን ነጥቦች በአንድ የጋራ የአንጎል ሥዕል ላይ ያስቀምጣል። ነጥብ በነጥብ ላይ የተከመረበት ቦታ፣ እሱ ትክክለኛው ነው።

እንዳልገባኝ ከፊቴ አይቶ «ኪሌሌሽዋ ውስጥ የሰው ቤት ስትፈልጊ እንደማለት ነው» አለኝ። «አንድ ሰው ብትጠይቂ ሊያሳስትሽ ይችላል። መቶ ሰው ጠይቀሽ አብዛኛው ወደ አንድ በር ካመለከተሽ ግን እዚያ ነው በቃ።»

ሥዕሉን አየሁት። የአንጎሉ ግራ በቀይ ተሞልቷል። ቀኙ ግን እዚህም እዚያም ጠብ ካለ ነጥብ በቀር ግራጫ ነው። የጌጤ እጢ ያለው ግራጫው ላይ ነበር።

«ንግግር ያለው በግራ ነው» አለ፣ ቀዩን በጣቱ እያሳየ። «እጢው ደግሞ በቀኝ። ዶክተር ሙቱኩ ራሱ አይቶታል። አስተኝቶሽ ሙሉ በሙሉ ያወጣዋል፣ ምንም አይሰማሽም፣ ንግግርሽም ሴፍ ነው።»

«ለምን እሷን ራሷን እያናገራችሁ አታነሷትም?» አልኩት።

«እሱን እዚህ የምናደርግበት የለንም፣ አንቲ የውብዳር። ያለን የሌሎቹ ካርታ ነው።»

እማዬ እልል አለች። ነርሷ ሮጣ መጥታ ዝም አሰኘቻት። ጌጤም ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ሲላላ አየሁ፤ ያስፈራት ሞቱ አልነበረም፣ የማትናገር ሴት ሆኖ መኖሩ ነበር። ብቻዋን ናት፣ ባል የላት፣ ያላት ይሄው አራት ቋንቋ ነው።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፣ ፎርማሊቲ ነው» አለ ኤልናታን። «የምትጠቀሚው በየትኛው እጅሽ ነው? በቀኝ፣ ሲንዲዮ፣ አይደል?»

«በቀኝ» አለች ጌጤ።

«ቀኝ ናት፣ ቀኝ ናት» አለች እማዬም ተሽቀዳድማ።

ጆሮዬን አላመንኩም። «ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ግራኝ ናት! ግራኝ ሆና ተወልዳ ነው በመቀነት አስረው ቀኝ ያደረጓት!»

«የውብዳር!» አለች እማዬ። «የሰው ልጅ ፊት ምን ትቀባጥሪያለሽ? የልጅነት ነገር ነበር፣ ድናለች።»

ኤልናታን ፈገግታው ጠፋ። ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዞረው። «ቆይ፣ ቆይ። ይሄ ሲሪየስ ነው፣ እማማ እህተማርያም» አለ። «ግራኝ ከሆነች መናገር አለባችሁ። ብዙዎቹ ግራኞችም የሚናገሩት በግራው ነው። ግን ሁሉም አይደሉም። አንዳንዶቹ በቀኝ ነው፣ አንዳንዶቹ በሁለቱም። እሷ የትኛዋ እንደሆነች ይሄ ካርታ አይነግረኝም።»

«ለምን አይነግርህም?» አልኩት። «ይህን ሁሉ ጥናት ሰብስበህ?»

«እነሱ የሉበትማ። ጥናቶቹ ግራኝ አይወስዱም፣ ሥዕሉ እንዳይደበላለቅ። ግራኝ ነኝ ያለ ሰው ሶሪ ተብሎ ይሸኛል።»

ደሜ ፈላ። ደሴ ላይ በመቀነት፣ ፈረንጅ አገር በሶሪ! «አንተ፣ መቶ ሰው ጠየቅኩ አላልከኝም?» አልኩት። «የጠየቅከው እኮ ከመንገዱ ወዲህ ያሉትን ብቻ ነው! ከመንገዱ ማዶ ያሉትንማ ማን ጠየቃቸው? ከዚያ መጥተህ ባዶ ነው ትለኛለህ። ባዶ አይደለም፣ ያልጠየቃችሁት ነው!»

ልጁ ክፉ አይደለም። ከቦርሳው አንድ መጠይቅ አወጣ፣ ሰው በየትኛው እጁ ምን እንደሚሠራ የሚጠየቅበት። ከጌጤ ፊት ተቀምጦ አንድ በአንድ ጠየቃት።

«ክብሪት ስትጭሪ?»

«በቀኝ።»

«መቀስ?»

«በቀኝ።»

«የጥርስ ብሩሽ?»

«በቀኝ አልኩህ እኮ።»

ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰውን ጉድ ፊቷን ሳታጠቁር ስታስተላልፍ የኖረች ሴት ናት፣ እንዲህ ያለውን የት አባቷ ትቸገርበታለች። እማዬ በየመልሱ ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ ደግሞ በየመልሱ የዚያን ልጅ ላፕቶፕ በመስኮት ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

«ጌጤ» አልኳት፣ ድምፄን ለመቀነስ እየሞከርኩ፣ «ሞኝ አትሁኚ። ይሄ የሐብታሙ እናት አይደለችም። ቢላዋ ነው።»

የሐብታሙ ስም ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ። እሷ ግን ነደደች። «አንቺ ምን አገባሽ?» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት ቀኝ ሆኜ ስኖር፣ ዛሬ ሐኪም ፊት ውሸታም ልታደርጊኝ ነው? ቦታው ባዶ ነው ብሏል እኮ! ሁሉንም ያወጣልሻል ብሏል እኮ! እኔ እንዲወጣልኝ ነው የምፈልገው! ገብቶሻል? እንዲወጣልኝ!»

«ምላስሽም አብሮ ይወጣልሻላ!»

«ይውጣ! ምን ቸገረሽ? አንቺ ነሽ የምትናገሪበት?»

«ዲዳ ሆነሽ ከእማዬ ጎን ወንበር ላይ ቁጭ ትያለሽ! በቀኝሽ እየበላሽ!»

ሌላም ጨመርኩበት፣ እዚህ የማልጽፈው። ጌጤ ጎንበስ አለችና ከአልጋው ሥር የላስቲክ ነጠላ ጫማዋን አንሥታ ወረወረችብኝ። ግንባሬን ነው ያገኘችው፤ እንዲህ አድርጎ የሚያነጣጥር ሰው አይቼ አላውቅም።

ኤልናታን መጠይቁን አስቀመጠ።

«አንቲ ጌጤ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ያ የትኛው እጅሽ ነበር?»

ጌጤ እጇን አየችው። ግራ እጇ ገና እንደተዘረጋ ነው። ወደ ጋውኗ ኪስ ልትከተው ስትል፣ የሆስፒታል ጋውን ኪስ የለውም። ከዚያ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፣ እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን ወንበር ላይ እንደታሰረ ሕፃን።

«ተናዳ ነው!» አለች እማዬ። «ተናዳ ስለሆነ ነው እንጂ ልጄ በግራዋ አትወረውርም!»

«አዎ፣ ተናዳ ነው» አልኳት። «ንዴቷን ማሰር ረስተሻል፣ እማዬ።»

ለእናቴ እንደዚያ ተናግሬያት አላውቅም ነበር። አልተጸጸትኩም።

ዶክተር ሙቱኩ ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርገው አንጋፋ ሐኪም ነው፣ ረጋ ያለ፣ ከካምባ ጎሳ። ኤልናታን የሆነውን ሲነግረው አልሳቀም። መጥቶ ጌጤን ያ አፏ የሚጎተትበት ጊዜ ምን እንደሚሰማት እንደገና ጠየቃት። እስከዚያ ድረስ ለእሱ የመሰለው የአፏ ጡንቻ ስለሚያዝ ቃሉ መውጣት እንደሚያቅተው ነበር። «ቃሉ አለ፣ አፍሽ ነው እምቢ የሚለው? ወይስ ቃሉ ራሱ የለም?» አላት በእንግሊዝኛ። ጌጤ ብዙ አሰበች። «የለም» አለችው። «ቤቱ ገብቼ መብራቱን እንደማጣት ነው።»

ዶክተሩ ዕቅዱን ቀየረ። አስተኝቶ ሳይሆን ነቅታ እያለች ሊከፍታት ነው። ቆዳውን ያደነዝዛል፤ አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። ከመቁረጡ በፊት እያንዳንዱን ቦታ በትንሽ ኤሌክትሪክ ይነካል፣ እሷ እየተናገረች። ሲነካው ንግግሯ የሚቋረጥበት ቦታ ካለ፣ ያንን አይቆርጥም።

«በየትኛው ቋንቋ ነው የምትጣዪው?» ብሎ ጠየቃት።

«በአማርኛ» አለች።

«እንግዲያው በአማርኛ ነው የምትናገሪው። የሚሰማት ሰው ያስፈልገኛል።»

ኤልናታን ራሱን ነቀነቀ። «የኔ አማርኛ አይበቃም፣ ዶክ። ጃንጥላን አምብሬላ ነው የምለው።» ስለዚህ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፣ ግንባሬ ላይ ገና የነጠላ ጫማው ምልክት ነበረ።

እማዬ ስልኳን ይዛ ዘመድ ወዳጁን ሁሉ አዳረሰች። «ልጄን በቁሟ ሊከፍቷት ነው፣ ጸልዩልኝ» አለች። እጢውን ተናገረች፣ ቦታውን ተናገረች፣ የሐኪሙን ጎሳ ሳይቀር ተናገረች። ለምን ነቅታ እንደሚከፍቷት ሲጠይቋት ግን «አዲስ አሠራር ነው አሉ» እያለች አለፈችው። ግራኝ የምትለዋን ቃል ለአንድም ሰው አልተነፈሰችም። አጠገቧ ቆሜ ነው የሰማኋት፤ ስልኩን ነጥቄ ለሚያዳምጣት ሰው ልነግረው እጄን ስዘረጋ፣ ጌጤ በዓይኗ ከለከለችኝ።

ቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ አረንጓዴ ልብስ አልብሰው፣ ራሴን ሸፍነው፣ ከፊቷ አስቀመጡኝ። ከግንባሯ በላይ መጋረጃ ተጋርዷል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ዶክተር ሙቱኩና ኤልናታን ናቸው፣ ወዲህ ጌጤና እኔ። እኔ የማየው ፊቷን ብቻ ነው። ነርሷ ሥዕል ያለበት ካርድ ታሳያታለች፣ ጌጤ ስሙን ትናገራለች፣ እኔ ልክ ከሆነ «እሺ» እላለሁ።

«ፍየል።»

«እሺ።»

«ቁልፍ።»

«እሺ።»

«ይሄ ዝሆን ነው አሉ፣ ማን እንደሣለው እንጃ።»

«እሺ» አልኩ። ኤልናታን ምን እንዳለች ጠየቀኝ፣ ተረጎምኩለት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሲስቁ ሰማሁ። ራሷ ተከፍቶ ሰው የምትነቅፍ እህት ነው ያለችኝ።

እንዲህ እያልን ቆየን። ሥዕል ይመጣል፣ ስም ይወጣል። እየቆየ ሲሄድ እኔም እንደ እማዬ ማሰብ ጀመርኩ፤ ምናልባት በግራው ይሆናል፣ ምናልባት በከንቱ ነው ይህን ሁሉ ጩኸት ያስነሣሁት አልኩ። ነርሷ የጃንጥላ ሥዕል አወጣች።

ጌጤ አየችው። አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም።

«ምን አለች?» አለ ዶክተሩ።

«ምንም» አልኩ። «ምንም አላለችም።»

«ምላስሽን አውጪና አንቀሳቅሺው በያት።»

ነገርኳት። ምላሷን አውጥታ ወዲህ ወዲያ አደረገችው፣ ደህና አድርጋ። አፏ ይታዘዛል፤ ቃሉ ነው የሌለው። ዓይኖቿ እኔ ላይ ተተክለዋል። የመጀመሪያውን ቀን፣ ያቺ ስደተኛ እየተናገረች ሳለ የሆነችውን ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁት። ከዚያ ዶክተሩ እጁን አነሣ መሰለኝ፣ «ጃንጥላ!» ብላ ጮኸች። «ጃንጥላ፣ ጃንጥላ፣ ጃንጥላ!»

ትንሽ አሳርፎ ያንኑ ቦታ መልሶ ነካው። የዶሮው ሥዕል ላይ ዝም አለች። ሌላ ጊዜ ነካው፣ ወንበሩ ላይ ዝም አለች። ግራጫው ላይ ነው፤ ካርታው ባዶ ነው ያለው ቦታ ላይ፣ ንግግርሽ ሴፍ ነው ተብሎ ሙሉ በሙሉ ሊወጣ የነበረው ቦታ ላይ፣ የእህቴ አማርኛ እዚያ ተቀምጦ ነበር።

ዶክተሩ ከዚያ ቦታ ራቅ ብሎ ያለውን እጢ አወጣ፣ ያንን ግን አልነካውም። እኔን አስወጡኝ። ኮሪደሩ ላይ ኤልናታን ተከትሎኝ መጣ፣ ጭንብሉን አውልቆ። «ፖሌ ሳና፣ በጣም ይቅርታ፣ አንቲ የውብዳር» አለኝ። «አንቺ ባትናገሪ ኖሮ...»

እኔ ጨረስኩለት። «ተኝታ ትገባ ነበር። ዝም ብላ ትነቃ ነበር። ሐኪሙ አልገባኝም ይል ነበር፣ እናቷ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ትል ነበር፣ አንተ ደግሞ ካርታህን ይዘህ ትመረቅ ነበር። አሁን ሂድና እሷን ካርታህ ላይ አስገባት።»

«አልችልም» አለ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ። «ሕጉ ቀኝ ብቻ ነው። አንድ ሰው ስለሆነችም አይቀበሉኝም።»

«እንግዲያው ካርታው የማን ነው?»

«አላውቅም። ግን ከእንግዲህ ሐበሻ መጥቶ ቀኝ ነኝ ቢለኝ አላምነውም። ክብሪቱን እሰጠውና አያለሁ።»

ይህ መልስ አላበረደኝም። ካርታውን ያወጡት ሰዎች ሁሉ ክብሪት ይዘው አይዞሩም። ስንት ሰው ይሆን በየአገሩ እንደ ጌጤ በመቀነት ታስሮ፣ ኋላም በሥዕል ተፈርዶበት፣ ምን እንደደረሰበት ሳያውቅ ዝም ብሎ የቀረ? ቤተሰቡስ ተናዶ ያውቅ ይሆን? የሚናደድበትን እንኳ አያውቅም።

ከቀናት በኋላ ጌጤ ራሷ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ተደግፋ ስትቀመጥ ዶክተር ሙቱኩ መጣ። ስትናገር ቃላቱን እየመረጠች፣ ቀስ እያለች ነው፤ ይሻሻላል ብሏል። አብዛኛውን እንዳወጣ፣ ከእጢው ግን ከንግግሯ ቦታ ጋር የተያያዘውን ትንሽ ክፍል ሆን ብሎ እንደተወ ነገረን። ያ የቀረው አንድ ቀን እንደገና ሊያድግ ይችላል፣ በየጊዜው እየተነሣች መታየት አለባት። እማዬ እንግሊዝኛው ስለማይገባት እኔ ነኝ የተረጎምኩላት፣ ጌጤን ላለማድከም ብዬ።

እማዬ ዶክተሩ እስኪወጣ ታገሠች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እያዘነች፣ እውነት ከልቧ እያዘነች፣ እንዲህ አለች፦

«አየሽ? እኔ ያን ጊዜ ያሰርኩሽ ለዚህ ነበር። ግራኝ ባትሆኚ ኖሮ ሁሉንም ያወጡልሽ ነበር።»

እኔ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ጌጤ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። ወደ እናታችን ዞራ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ አንድም ሳታጣ ተናገረች።

«እማዬ፣ አሁን የምመልስልሽ እኮ በዚያ ባልወጣው ነው።»